«ኦርጋኒክ» የሚል አትክልትና ጁስ ቤት ድሬ ላይ፦ የደንበኛ ቅሬታ ከምን ይመጣል?

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ትንሽ ሱቅ አለ። ከፊት አትክልትና ፍራፍሬ፣ ማር፣ የለውዝ ቅቤና የሽፈራው ዱቄት ይሸጣል፤ ከኋላ አራት ወንበር ያለው የጁስ ባንኮኒ አለው። በሩ ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ ተጽፏል። ባንኮኒው ላይ የአስተያየት ደብተር አለ። ምስጋናውን ልለፈውና ደጋግሞ የተጻፈውን ቅሬታ እንዳለ ላስፍር።

«ጠዋት የገዛሁት ሰላጣ ምሳ ሳይደርስ ጠወለገ።»
«ፓፓያ በወተት አዝዤ መረረኝ።»
«የካሮት ጁሱ አንድ ቀን ማር፣ አንድ ቀን እሬት።»
«ፓፓያው ውስጥ ዱቄት ትጨምራላችሁ፣ ትንሽ ሲቆይ ይረጋል።»
«በረዶው ሲቀልጥ ነጭ ነገር ብርጭቆው ሥር ይቀራል።»
«ሙዙ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ የላሸቀ። ካርባይድ ነው?»
«ጾም ነው ብዬ ነግሬ አቮካዶው ወተት ወተት አለኝ።»
«ኦርጋኒክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ተደጋግሟል። ያለው ዕቃ አንድ ፍሪጅ፣ ሁለት ብሌንደርና አንድ የብርቱካን መጭመቂያ ነው። ውሃው የቧንቧ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ጄነሬተር የለም። «ጥራት ጠብቁ» የሚል ምክር በቂ ደርሶናል። የትኛው ቅሬታ ከምን እንደሚመጣ የምታውቁ ግን ጻፉልን።


ቀፊራ ማለዳ

ከሰላጣው ልጀምር። ድሬ የምትበላው ቅጠላ ቅጠል አብዛኛው ከሐረማያና ከዙሪያዋ ነው የሚወርደው። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ናት፤ ድሬ 1,200። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ከተማ የገባ ቅጠል ከብርድ ወጥቶ ምድጃ አጠገብ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። በዚያ ላይ ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከሆነ የመጣው መሐሉ ይግላል፤ እጃችሁን ብትከቱ ትኩሳቱ ይታወቃችኋል። እንዲህ ያለውን ሰላጣ ፍሪጅም አያድነውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከአቅራቢው ጋር ተነጋገሩ፦ ጎህ ሳይቀድ የተቆረጠ፣ በፕላስቲክ ሳጥን የመጣ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት የደረሰ። በር ላይ ስትረከቡ አንዱን እስር ፈታችሁ መሐሉን ዳስሱ። ከሞቀ መልሱት ወይም ዋጋውን አስቀንሱ። ሁለት ጊዜ ከመለሳችሁበት ሦስተኛውን አስተካክሎ ያመጣል።

የተረከባችሁትን ደግሞ ግንዱን አንድ ጣት የማይሞላ ቆርጣችሁ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩት። ከዚያ አራግፉት፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ይለቅ። እርጥብ እንደሆነ ላስቲክ ውስጥ የታሰረ ሰላጣ በማግሥቱ ይዝላል፣ ይሸታል። ንጹህ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። መደርደሪያ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚሸጠውን ያህል ብቻ አውጡ።

አብዛኛው ሰው የማያስበው የቀትሩን መዝጊያ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከተማው በርጫ (ጫት) ላይ ነው፤ ሱቁም ይዘጋል። ቆስጣውና ሰላጣው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የቆርቆሮ በሩ ከወረደ እስከ 10 ሰዓት ውስጡ ይፈላል። ስትከፍቱ ውሃ ብትረጩበት ለአሥር ደቂቃ ቀና ይላል፤ ደንበኛዋ ቤት ሲደርስ ይወድቃል። ያቺ የደብተሯ ደንበኛም ጠዋት የወሰደችው የትናንቱን የቀትር ትራፊ ሊሆን ይችላል።

የካሮቱ ምሬት የሚመጣው ከጎረቤቱ ነው። የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ቲማቲም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ካሮት ይህ ጋዝ ሲነካው የሚመር ነገር በውስጡ ይሠራል። በስኳር አይሸፈንም፤ ቢታጠብም አይለቅም። ሰላጣንና ጥቅል ጎመንንም ያው ጋዝ ያቢጫል። ካሮቱን፣ ቅጠሉንና ጎመኑን በአንድ በኩል፣ የሚበስሉትን ፍራፍሬዎች ባንኮኒው ማዶ አድርጉ። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ የተጋመሰ ማንጎ ከካሮት ጋር በአንድ መሳቢያ አይደር።

ፍሪጅ የማይገባውንም ልበል፦ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ያልበሰለ ማንጎና አቮካዶ። ከ12 እና 13 ዲግሪ በታች ሙዝ ይጠቁራል፣ ቲማቲም ጣዕሙ ይጠፋል፣ አቮካዶ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀራል። ሽንኩርት ነፋስና ደረቅ ቦታ፣ ድንች ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን አይቶ የአረንጓዴ ቀለም የያዘ ድንች አትሽጡ፤ መራራነቱ መርዝ ነው።

ለቲማቲምና ለመሰሉ ሁለት የሸክላ ጋን ይበቃል። ትንሹን ትልቁ ውስጥ፣ በመሐል ሁለት ሦስት ጣት አሸዋ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማራስ፣ ላዩን እርጥብ ጆንያ፣ ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ድሬ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወራት እንዲህ ያለ ነገር ግሩም ይሠራል፤ ዝናብ ጥሎ አየሩ ሲረጥብ ግን ብዙ አትጠብቁበት።


ምላጭና ጭማቂ

የጁሱን እኔ ልመልስ።

ፓፓያና ወተት፦ ፓፓያ ውስጥ ፓፓይን የሚባል ነገር አለ፤ ሥጋ ማለስለሻ የሚሆነው እሱ ነው። የወተቱን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል፣ ቁርጥራጩ መራራ ነው። ባልበሰለ ፓፓያ ይብሳል፤ ጁሱ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። አናናስም በወተት እንዲሁ ነው። ወተት የለመደ ደንበኛ ካለ አቮካዶ ወይም ማንጎ በወተት ስጡት። ፓፓያ በወተት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካለ የደረሰ ፓፓያና በጣም የቀዘቀዘ ወተት ተጠቅማችሁ ተፈጭቶ ወዲያው ይጠጣ፤ አስቀምጦ ወሬ ከያዘ ይመራል። ሌላው የምሬት ምክንያት ጥቁሩ ዘር ነው። ሦስት አራት ዘር ብሌንደር ውስጥ ከገባ የሚጥም ጁስ አይወጣም። ዘሩን በማንኪያ ጠርጋችሁ፣ ከሥሩ ያለውን ቀጭን ነጭ ሽፋንም አብራችሁ ፋቁት።

«ዱቄት ትጨምራላችሁ» ላላችሁ ሰው፦ ፓፓያ ከተፈጨ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቆይ በተፈጥሮው እንደ ጄሊ ይረጋል። የሚያረጋው ፔክቲን የሚባል፣ ፍሬው ራሱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሎሚ ጣል አድርጋችሁ ወዲያው አቅርቡ፤ የረጋውን በማንኪያ ብታማስሉት ይላላል። ጠዋት ጆግ ሙሉ ፈጭቶ ማስቀመጥ የቀረ ነገር ይሁን።

ለ300 ሚሊ ብርጭቆ ልኬት፦
አቮካዶ፦ ከ140 እስከ 150 ግራም ሥጋ፣ 130 ሚሊ ውሃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ።
ፓፓያ፦ 200 ግራም፣ 80 ሚሊ ውሃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ።
ማንጎ፦ 180 ግራም፣ 100 ሚሊ ውሃ። ጭረት የበዛበት ከሆነ በወንፊት ይጠለል።
ስኳር ደንበኛው ካለ ብቻ፤ ሲጀመር አንድ የሾርባ ማንኪያ።

ሚዛን ላይ ሁለት ሳምንት መዝኑ፣ ከዚያ ዓይናችሁ ይለምዳል። «ትናንት ወፍራም፣ ዛሬ ውሃ» የሚለው ቅሬታ ገና አልተጻፈም እንጂ ይጻፋል።

አቮካዶ ከ40 ሰከንድ በላይ አይፈጭ። ምላጩ እያሞቀው ይሄዳል፤ የሞቀ አቮካዶ ምሬት ያመጣል። ጠንካራውን አስገድዶ መፍጨትም እንደዚያው። ሎሚ ስትጨምሩ ጭማቂውን ብቻ፤ ልጣጩ አብሮ ከተፈጨ ደንበኛው ግማሽ ሳይደርስ መራራ ሆኖ ይጠብቀዋል። ብርቱካንም ነጩ ልጣጭና ዘሩ እንዳይጨመቅ እጃችሁን ቀለል አድርጉ። አንዳንዱ ብርቱካን፣ በተለይ እምብርት ያለው ዓይነት፣ ሲጨመቅ ጣፋጭ ሆኖ ሰዓት ሲቆይ ይመራል። ስለዚህ ብርቱካን ጠርሙስ ውስጥ ሞልታችሁ ለመሸጥ አታስቡ።

ስፕሪስ ሲሠራ ወፍራሙና ጣፋጩ ከታች ይሁን፤ ቀጣዩን በማንኪያ ጀርባ ላይ እያፈሰሳችሁ። ውፍረታቸው ካልተቀራረበ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይደባለቃል፤ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ይናደዳል።

የጾሙ ነገር የብሌንደር ጉዳይ ነው። ምላጩን የያዘውን ክፍል ከጆጉ ፈትታችሁ ሥሩ ያለችውን የጎማ ቀለበት አውጡና አሽትቱ። ወተት፣ ስኳርና የፍሬ ጭረት እዚያ ተሰብስቦ ይከርማል። ጠዋት የመጀመሪያው ጁስ የሚኮመጥጠውም ከዚያ ነው። ውሃ ሞልቶ ማሽከርከር ማጠብ አይባልም። ቀለበቷ በየማታው ወጥታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ትታጠብ፣ ደርቃ ትደር፤ ከጠቆረች ወይም ከተሰነጠቀች ትቀየር። ሁለት ብሌንደር ካላችሁ ደግሞ ነገሩ አለቀ፦ አንዱ ላይ «የጾም» ብላችሁ ጻፉና ወተት በሕይወቱ አይንካው። የለውዝ ቅቤ ያለበትንም በወተቱ በኩል አድርጉ፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ፣ ለእሱ ቀልድ አይደለም።


ኖራ ያዘለ ማንቆርቆሪያ

አቦ፣ በረዶውን ዝም አላችሁት! ድሬ ያደገ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል። የከርሰ ምድር ውሃችን ኖራ የበዛበት ነው። ሲፈላ ኖራው ይለያል፤ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ፣ በረዶ ከውጪ ወደ ውስጥ ስለሚረጋ ኖራው መሐል ላይ ተሰብስቦ ነጭ ዱቄት ይመስላል። ጉዳት የለውም። ደንበኛ ግን ቆሻሻ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ የብርጭቆ ሥር ላይ ሲያየው ማን ያምናል?

የበረዶውን ውሃ አፍሉት፦ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ። ክዳኑን ዘግታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ሳትነቀንቁ ላይ ላዩን ቅዱ፣ በንጹህ ነጭ ጨርቅ አጥልሉ፣ የታችኛውን አራት ጣት ለወለል ማጠቢያ ተዉት። የበረዶው ነጭነት ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጁሱን የምታቀጥኑበትም ያው የፈላ ውሃ ይሁን። ፍሬውን አጥቦ፣ እጅን አጥቦ፣ በመጨረሻ ከቧንቧ የተቀዳ በረዶ ጣል የሚያደርግ ቤት ሞልቷል። በረዶ ጀርም አይገድልም፣ ያቆየዋል እንጂ። በረዶውንም በእጅ ወይም በብርጭቆ አትዝገኑ፤ እጀታ ያለው ማንኪያ፣ ማደሪያውም ከበረዶው ውጪ።

ብርጭቆ ላይ የሚቀረው ነጭ ጠብታም ኖራው ነው። መጨረሻ የሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ትንሽ አቼቶ ጨምሩ፣ በጨርቅ ሳትወለውሉ አፉን ደፍታችሁ አንጠፍጥፉ። ማንቆርቆሪያውንም በአቼቶ ወይም በሎሚ አፍሉት፣ ቅርፊቱ ይለቃል።

አሁን ጥሬ የሚበላውን ስለማጠብ። «ኦርጋኒክ ስለሆነ አይታጠብም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከእሱ አትግዙ። በፍግ የበቀለ ሰላጣ ይበልጥ መታጠብ አለበት። አሠራሩ፦ መጀመሪያ ጭቃው በውሃ ይልቀቅ፤ ጭቃ የክሎሪኑን ጉልበት ይጨርሰዋል። ከዚያ ለ10 ሊትር ውሃ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና 20 ሚሊ፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ። አምስት ደቂቃ ይንከር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይለቅለቅ። በጠርሙሱ ላይ ያለው መቶኛ ሌላ ከሆነ ልኬቱን አስተካክሉ። በረኪና በሙቀትና በፀሐይ ጉልበቱን ያጣል፤ ትልቅ ጀሪካን ገዝቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ትንሽ ግዙ፣ ጥላ ውስጥ አኑሩ። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በምንም መንገድ አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለቱም አንድ መታጠቢያ ሥር ስለሚቀመጡ ነው ይህን የምለው።

ሀብሀብ፣ ፓፓያና ማንጎ ልጣጩ ቢጣልም ሳይቆረጥ ይታጠብ። ቢላዋ ልጣጩ ላይ ያለውን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል።


የጓሮ ኒም

ስለ «ኦርጋኒክ» ጽሑፉ። በኔ ግምት ከበሩ ላይ አውርዱት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦርጋኒክ ማለት ኬሚካል አልተረጨም ማለት ብቻ አይደለም፤ አመራረቱ ሁሉ የተመዘገበና በሌላ ወገን የተመረመረ ማለት ነው። አገራችን ለዚህ የራሷ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 488/1998። ከኢትዮጵያ ወደ ውጪ የሚላከው ቡናና ሰሊጥ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ምርመራ ነው። በአውሮፓ ደንብ አንድ ማሳ ኬሚካል ካቆመ በኋላ ለዓመታዊ ሰብል ሁለት ዓመት፣ ለቋሚ ተክል ሦስት ዓመት ይጠበቃል። ከሐረማያ በፒክአፕ የሚወርድ ቆስጣ ይህን ወረቀት ይዞ አይመጣም። ሌላ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል፤ ዋጋ በግልጽ መለጠፍንም ያዛል። ክስ ይመጣል እያልኩ ማስፈራራቴ አይደለም። ሰው በሩ ላይ ያነበበውን ቃል ውስጥ ገብቶ ሲጠይቅ መልስ ካጣ ቀሪውንም አያምንም፤ ደብተሩ ላይ ያ ጥያቄ የበዛው ለዚህ ነው።

በምትኩ ጥቁር ሰሌዳ አቁሙና በየቀኑ በጠመኔ ጻፉ፦ «ሰላጣ፣ ከሐረማያ፣ ዛሬ ሌሊት የተቆረጠ፣ ምንም አልተረጨም።» «ቲማቲም፣ መድኃኒት ተረጭቷል፣ ከተረጨ 14 ቀን።» አዎ፣ የተረጨውንም ጻፉ። የተረጨውን የተረጨ ነው ያለ ሱቅ ያልተረጨውን አልተረጨም ሲል ይታመናል።

ይህን ለመጻፍ ገበሬውን መጠየቅ ያስፈልጋል። «ኦርጋኒክ ነው ወይ?» ካላችሁት አዎ ይላችኋል፤ ምን ይበል ታዲያ? እንዲህ ጠይቁ፦ ትል ሲገባ ምን ታደርጋለህ? መጨረሻ የረጨኸው መቼ ነው? ባዶ ጠርሙሱን አሳየኝ። ከጎንህ ጫት አለ ወይ? ጫት ላይ የሚረጨው ነፋስ ይዞት ጎመን ላይ ያርፋል፤ እዚህ አገር ይህ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። መስኖው ከየት ነው? ፍጉ ትኩስ ነው ወይስ የበሰበሰ? የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ትኩስ ፍግ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ 120 ቀን በፊት አፈር ውስጥ መግባት እንዳለበት ያስቀምጣል፤ ሰላጣ ከተተከለ እስከሚቆረጥ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ለሰላጣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ብቻ።

ገበሬው ምትክ ከጠየቃችሁ ድሬ መንገድ ዳር የሞላው የኒም ዛፍ አለ። የደረቀ የፍሬውን አስኳል 50 ግራም ወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ እንዲጣበቅ ሳሙና ጠብ ማድረግ፣ ፀሐይ ሲበርድ መርጨት። ቀትር ላይ ከተረጨ ፀሐዩ ያበላሸዋል። በየሳምንቱ መደገም አለበት፣ ዝናብ ካጠበውም እንደገና። ትሉን በአንድ ሌሊት አይጨርስም፤ መብላትና ማደግ ያስቆመዋል እንጂ። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ገበሬው በሁለተኛው ቀን የኬሚካሉን ጠርሙስ ያነሳል።


ሳቢያን ማዶ

ሙዙ በካርባይድ፣ በዚያ በብየዳው ኬሚካል፣ የበሰለ ነው። ላዩና ውስጡ ካልተስማማ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ነጋዴው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያበስለው።


ቀፊራ ማለዳ

ወንድሜ፣ ተገላቢጦሽ ነው የያዝከው። በካርባይድ የተገደደ ፍሬ ላዩ ቶሎ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ጥሬና ጠንካራ ይቀራል። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ የላሸቀ ነው። እሱ የሙቀት ሥራ ነው። ሙዝ በደንብ የሚበስለው ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ክፍል ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ባለ ክፍል ከተቀመጠ ሥጋው ይበስላል፣ ልጣጩ ግን አረንጓዴነቱን አይለቅም። ድሬ በበጋም በክረምትም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከዚያ በላይ ነው።

ካርባይድ አደገኛነቱ እውነት ነው። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሴቲሊን ጋዝ ያወጣል፣ ለብየዳ የተሠራው ደግሞ አርሰኒክና ፎስፈረስ ቅሪት አለበት። ፍሬው ላይ ግራጫ ዱቄት ካያችሁ ወይም ካርቶኑ ነጭ ሽንኩርት ነገር ከሸተተ አትረከቡ። በተዘጋ ክፍል የኬሮሲን ምድጃ ለኩሶ ማብሰልም አለ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው የሚሠራው፣ ሽታው ልጣጩ ላይ ይቀራል።

እናንተ ጥሬውን ግዙና ራሳችሁ አብስሉ። ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል፣ ወለሉ ጠዋትና ማታ ይርጠብ። ካርቶን ውስጥ ለአሥር ኪሎ ሦስት አራት የበሰለ ሙዝ ጨምራችሁ አንድ ቀን ዝጉት፣ ከዚያ ክፈቱት። ተዘግቶ ከቆየ ይታፈናል፣ ይጠቁራል። ላዩ አረንጓዴ ሆኖ የበሰለው ደግሞ አይጣል፤ ለጁስ ይሁን፣ ጣዕሙ ምንም አልሆነም።


ሳቢያን ማዶ

እሺ፣ ተቀበልኩ። ግን ደንበኛ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?


ቀፊራ ማለዳ

አያውቅም። አንዱን ልጡና አቅምሱት።


የከዚራ ጥላ

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መብራት ሲጠፋ የተቆረጠው ፍሬ እስከ ስንት ሰዓት ይሸጣል? ሁለተኛ፣ ረመዳን ላይ አፍጥር ሰዓት ላይ ሰልፉ ከአቅም በላይ ነው፤ ቀድሞ ፈጭቶ ማስቀመጥ ካልተቻለ ምን ይደረግ?


ምላጭና ጭማቂ

መብራት እንደጠፋ ሰዓቱን ጻፉ፤ ይህን ካላደረጋችሁ ሁሉም በግምት ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይይዛል። በየደቂቃው ከተከፈተ ግን ድሬ ላይ የዚያን ግማሽም አይቆይም። የተቆረጠ ፍሬና የተጨመቀ ጁስ ከቅዝቃዜ ውጪ ሁለት ሰዓት፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ። እዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብላችሁ ያዙት። ወተት ያለበት ከሆነ አትከራከሩ፣ ድፉት። ውሃ ሞልታችሁ ያበረዳችኋቸው የሁለት ሊትር ጠርሙሶች ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ጊዜውን ያራዝማሉ፤ ዋጋቸው ባዶ ጠርሙስ ነው።

ለአፍጥር፦ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፍሬው ይላጥ፣ ይመዘን፣ የአንድ ብርጭቆው እየተለየ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ። አቮካዶው ላይ ሎሚ ይረጭበት፣ እንዳይጠቁር። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚቀረው ውሃና በረዶ ጨምሮ 30 ሰከንድ መፍጨት ነው። ዝርዝሩንም ያን ሰዓት ወደ ሦስት ዓይነት ቀንሱት። ከሦስቱ አንዱ ሁመር (ታማሪንድ) ይሁን። 100 ግራም ሁመር ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ፣ በንጹህ እጅ አሽቶ፣ በወንፊት አጥልሎ፣ ስኳር ለክቶ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ኮምጣጣ ስለሆነ ከፓፓያ ይልቅ ይታገሣል፣ አይረጋም፣ ቀለሙ አይለወጥም፤ ቀድሞ ተሠርቶ መቀመጥ የሚችለው እሱ ነው። ሰውም ይወደዋል።


ኖራ ያዘለ ማንቆርቆሪያ

ሁለት ትንንሽ ነገር።

የለውዝ ቅቤው፦ የባቢሌ ለውዝ ዝነኛ ነው፣ ግን እርጥበት ካገኘው ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፤ መቁላት አያጠፋውም። ከመቁላቱ በፊት በብርሃን ይለቀም፦ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ፣ ጥርስ ላይ የሚመር ይጣል። ለዶሮም አይሰጥ። ዘይቱ ላዩ መንሳፈፉ ጥሩ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ይህን ማሰሮው ላይ ጻፉት። ማሩም ከረጋ ስኳር ተጨምሮበታል ማለት አይደለም፤ ንጹህ ማር ይረጋል።

ሌላው ሚዛኑ። ከቀፊራ ገበያ የሚገዛ ሰው ምርቃት ለምዷል። እናንተ ጋ ዲጂታል ሚዛን ላይ ግራም በግራም ተመዝኖ፣ በዚያ ላይ ውሃ የጠጣ ቆስጣ ሲመዘንለት፣ ዋጋው ቢመሳሰልም የተሰረቀ ይመስለዋል። ቅጠሉን በእስር ሽጡ። የተጣመመውን ካሮት ወይም አንድ ጭብጥ የድንብላል ቅጠል ምርቃት አድርጉ።


የጓሮ ኒም

ግድግዳው ላይ «ደም ያጠራል፣ ስኳር ያጠፋል» የሚል ካለ እሱንም ከኦርጋኒኩ ጋር አውርዱት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ያለ ስኳር» የሚለውን አይቶ ሦስት ብርጭቆ ማንጎ ይጠጣል፤ ማንጎው ራሱ ስኳር ነው። «ስኳር አልተጨመረም» ብላችሁ ጻፉ።


የከዚራ ጥላ

ግድግዳውን አይታችሁታል እንዴ? ይወርዳል። በመጨረሻ አንድ ቅሬታ ረስቼ ነበር፦ የቀይ ሥር ጁስ ጠጥቶ በማግሥቱ «ምን አጠጣችሁኝ፣ ሽንቴ ደም ሆነ» ብሎ ጠዋት በር ላይ የቆመ ሰው ነበር።


ምላጭና ጭማቂ

የቀይ ሥሩ ቀለም ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ያልፋል፣ ቀን ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠራል። ጁሱን ስታቀብሉ በአፍ ንገሩት፤ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ማንም አያነብም። ቀዩ ሳይጠፋ ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም ካመመው ግን ሐኪም ጋ ይሂድ እንጂ እናንተ ጋ አይመለስ።